ውክልና ወይስ ፍርድ ቤት? የእናትን ገንዘብ ለመጠበቅ

ጅማ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ያሉ አንዲት እናት የቤት ኪራያቸውን ለአንድ ዘመድ ደጋግመው ሲሰጡ ልጆቻቸው ተጨነቁ። ውክልና ይውሰዱ ወይስ ፍርድ ቤት ሄደው እናታቸው በገንዘባቸው እንዳያዙ እንዲከለከሉ ይጠይቁ?

መጀመሪያ ግን እናትየውን ብቻቸውን፣ ረጋ ብሎ ማናገር ነው። ምንድን ነው የሚሰጡት? ስንት? ለምን? ባይሰጡስ ምን ይመጣል? በራሳቸው አባባል ካስረዱ፣ እኛን ቢያናድደንም ውሳኔው የእሳቸው ነው። ስም መርሳት ሌላ፣ ገንዘብን አለመረዳት ሌላ።

ውክልና የሚሰራው ነገሩ ገና እየገባቸው ሳለ ነው። ቀላል ነው፣ ሲፈልጉም ይሽሩታል። አደጋው ተወካዩ ራሱ በዝባዥ ሊሆን መቻሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጉዳት የሚያደርሰው የቅርብ ሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልናን ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ኪራይ መሰብሰብ፣ የጓሮ ቡና ለቅሞ መሸጥ እዚህ ውስጥ ይገባል። ቤት ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ካልተፈለገ በቀር «መሸጥ መለወጥ» የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ እንዳይገባ አንብባችሁ አስፈርሙ፣ እባካችሁ።

ክልከላው ከባድ ነው። የሚከለከለው ሰው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊጠይቅ ይችላል። ከተፈረደ በኋላ በገንዘባቸው የሚያዘው ሞግዚት ነው። ለእኔ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ግን አእምሯቸው ከደከመ በኋላ እጃቸውን ይዞ የጣት አሻራ ማስደረግ ውክልና አይባልም፤ ያኔ ፍርድ ቤት ሂዱ።