ስሌቭ ቮዬጅስ፦ የዳሆሜን ድርሻ በመርከብ መዝገብ ውስጥ መፈለግ

ስሌቭ ቮዬጅስ የአትላንቲክን የባሪያ ንግድ ጉዞ በጉዞ የመዘገበ ዳታቤዝ ነው፤ ክፍያ አይጠይቅም። በ1999 በሲዲ ወጣ፣ በ2008 ወደ ድረ-ገጽ ተዛወረ፣ ዛሬ ከ36,000 በላይ ጉዞዎችን ይዟል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የምንገመግመው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በዛሬዋ ቤኒን ደቡብ የነበረው የፎኖች መንግሥት፣ ዳሆሜ፣ በዚህ ንግድ የነበረውን ድርሻ ለማወቅ ምን ያህል ይረዳል?

መርከቦቹን በመቁጠር የሚስተካከለው የለም። ንጉሡን ግን አያሳይም። የመርከቡ ስም፣ ካፒቴኑ፣ ባለቤቱ፣ ባንዲራው፣ የተጫኑትና በሕይወት የደረሱት ሰዎች ቁጥር እያንዳንዳቸው አምድ አላቸው። ሰዎቹን ማን ማረካቸው፣ ማንስ ሸጣቸው ለሚለው አምድ የለም። በማጣሪያዎቹ ውስጥ ዳሆሜ የሚባል መንግሥት ስለሌለ መግቢያው ወደቡ ነው፤ መጀመሪያ የቤኒን ባሕረ ሰላጤን፣ ከሥሩ የዳሆሜ ዋና ወደብ የነበረችውን ዊዳን መምረጥ ያስፈልጋል። የወደቧን ስም እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮችና ፖርቱጋሎች በየራሳቸው ይጽፉታል፤ አንዱ አጻጻፍ ካልሠራ ሌላውን ይሞክሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዳሆሜ ዊዳን የያዘው ንጉሥ አጋጃ በ1727 ወሮት ነው። ከዚያ በፊት የተጫነው ወደቧን ቀድሞ በያዘው በሁዌዳ መንግሥት ዘመን የተሸጠ ስለሆነ የዓመት ማጣሪያውን ከ1728 ማስጀመር ይገባል። ባሕረ ሰላጤውን በሙሉ ለዳሆሜ መቁጠርም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ባዳግሪ፣ ፖርቶ ኖቮና ሌጎስ የሌሎች ገዢዎች ወደቦች ነበሩ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ሌጎስ ዊዳን በልጦ ነበር።

ሁለተኛው አደናጋሪ ነገር የጉዞዎቹ ክፍልና የግምቱ ክፍል መለያየት ነው። የመጀመሪያው ሰነዱ የተገኘለትን ጉዞ ብቻ ይደምራል። ሁለተኛው ሰነዳቸው የጠፋውንም ገምቶ ይጨምራል፤ የታወቁት ቁጥሮች፣ ማለትም 12.5 ሚሊዮን ተጭነው 10.7 ሚሊዮን ደረሱ የሚሉት፣ የመጡት ከዚህ ነው። ከባሕረ ሰላጤው የተጫኑት 2 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ ከዊዳ ብቻ 1 ሚሊዮን ያህል እንደወጡ ይገመታል። ከሁለቱ ክፍሎች ቁጥር ወስዶ ማቀላቀል ሥሌቱን ያበላሻል። በጉዞዎቹ ክፍል ውስጥም ከሰነድ የተወሰደ አምድና አዘጋጆቹ በሥሌት የሞሉት አምድ ጎን ለጎን ስላሉ የትኛውን እንደወሰዱ ማስታወሻ ይያዙ።

ከብራዚሏ ባሂያ የሚነሡትን መርከቦች የሚከታተል ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። እነዚህ ጥቅል ትምባሆ ጭነው የሚመጡ መርከቦች በሰነዳቸው ላይ መድረሻቸውን ብዙ ጊዜ "ኮስታ ዳ ሚና" (ፖርቱጋሎች ዊዳን ጨምሮ ለሰፊው ጠረፍ የሰጡት ስም) ብቻ ስለሚሉ ዊዳን ብቻ የመረጠ ቁጥሩ ያንስበታል። በ1815 ውል ፖርቱጋል ከምድር ወገብ በስተሰሜን ባሪያ መግዛትን ከለከለች፤ ከዚያ በኋላ ካፒቴኖቹ "ወደ ማሌምቦ" (ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያለ ወደብ) የሚል ፈቃድ እያወጡ ወደ ዊዳ ይሄዱ ነበር። በዕቅድ የተያዘውን ወደብና በእርግጥ የተገዛበትን የሚለዩት ሁለት አምዶች ዋጋቸው እዚህ ላይ ይታያል።

ምክራችን ውሂቡን አውርዶ በአሥር ዓመት ሳይሆን በነገሥታቱ ዘመን መከፋፈል ነው፦ አጋጃ እስከ 1740፣ ቴግቤሱ እስከ 1774፣ ክፔንግላ እስከ 1789፣ አጎንግሎ እስከ 1797፣ አዳንዶዛን እስከ 1818፣ ጌዞ እስከ 1858፣ ከዚያ ግሌሌ። ያኔ ጥያቄዎቹ ይወጣሉ። ከ1727 በኋላ ቁጥሩ መውረዱን አይተው አጋጃ ንግዱን ሊያስቆም ፈልጎ ነበር የሚሉ አሉ። አንስማማም። የጎረቤቱ የዮሩባ መንግሥት የኦዮ ፈረሰኞች አገሩን እየወረሩ፣ ከዊዳ የተባረሩት ሁዌዳዎችም እየተዋጉ መንገዱ ሰላም አልነበረውም። ዳሆሜ በዊዳ ላይ ዮቮጋን የሚባል ሹም አስቀመጠ፤ ካፒቴኖች ለንጉሡ ቀረጥ ሳይከፍሉ አይነግዱም፣ የንጉሡንም ምርኮኞች አስቀድመው ይገዙ ነበር። ይህ የሚያስቆም ሰው ሥራ አይደለም። በአጎንግሎ ዘመን ፈረንሳዮች የጠፉትም በእሱ ፈቃድ ሳይሆን በሄይቲ አብዮትና ፈረንሳይ በ1794 ባርነትን በመሻሯ ነው። እንዲያውም አጎንግሎ በ1795 ንግዱ እንዲጠናከር መልእክተኞች ወደ ሊዝበን ልኳል። ጌዞ አዳንዶዛንን ገልብጦ የነገሠው በባሪያ ነጋዴው ፍራንሲስኮ ፌሊክስ ደ ሱዛ እርዳታ ነው፤ ንግዱን የሚከለክለውን ውል የፈረመውም እንግሊዞች ጠረፉን በመርከብ ከዘጉበት በኋላ በ1852 ነው። ይህን ሁሉ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ከሠንጠረዡ ጎን ካላስቀመጡት ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል።

የዳታቤዙ ጥንካሬና ጉድለት አንድ ላይ የሚታየው ክሎቲልዳ በተባለችው መርከብ ጉዞ ነው። በ1860 ካፒቴን ዊሊያም ፎስተር 110 ያህል ሰዎችን ከዊዳ ጭኖ ወደ አላባማ ወሰደ። አንዱ ምርኮኛ ኮሶላ በኋላ በሰጠው ቃል ከተማቸውን የወረረው የዳሆሜ ጦር እንደነበር ተናግሯል። በዳታቤዙ ሠንጠረዥ የዚህ ጉዞ ረድፍ ላይ ካፒቴኑ አለ፣ የንጉሥ ግሌሌ ጦር የለም።

የሚንቀሳቀሰው ካርታ ያምራል፤ ለጥናት ግን ብዙ አይጠቅምም። በተቃራኒው 91,491 ከባርነት የተለቀቁ ሰዎችን የያዘው የስም ዝርዝር ሊታለፍ አይገባም፤ ወደ ምርኮኞቹ የትውልድ አገር የሚያቀርበው ክፍል ይህ ነው። ስሞቹን የጻፉት የተለቀቁትን ሰዎች በሴራሊዮኗ ፍሪታውንና በኩባዋ ሃቫና የመዘገቡ ጸሐፊዎች ጆሯቸው በሰማው መጠን ስለሆነ አንድ የፎን ወይም የዮሩባ ስም በብዙ መልክ ተጽፎ ይገኛል። በዓይን ከመፈለግ ስሙን ጮክ ብሎ እየጠሩ የሚመስለውን ሁሉ መሰብሰብ ይሻላል።