ኢንክስኬፕን ለወራት ተጠቅሜ ያየሁት፦ ጥላው ያጠግባል፣ ፐርስፔክቲቩ ግን በላብ ነው

ከባለፈው ክረምት ወዲህ የምሠራው ሁሉ ኢንክስኬፕ በሚባል የኮምፒውተር የሥዕል ፕሮግራም ነው። የቡና ማሸጊያ፣ የካፌ ሜኑ፣ አንዳንዴም የልጆች መጽሐፍ ሥዕል። ከዚያ በፊት ኢለስትሬተር ላይ ነበርኩ፣ ያው የሥዕል ፕሮግራም ነው፣ ግን ይከፈልበታል። የቀየርኩት ለገንዘብ ብዬ ነው፣ ሌላ ሰበብ አልደረድርም። ከአዲስ አበባ ሆኖ በየወሩ በዶላር መክፈል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ኢንክስኬፕ ግን ነፃ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ ያለ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። እኔ የምጠቀመው በእ.ኤ.አ. 2024 የወጣውን 1.4 ሥሪት ነው።

ለሎጎ እንደሚበቃ ማንም ይነግራችኋል። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። እውነተኛ የሚመስል ብርሃንና ጥላ፣ ጥልቀት ያለው ሥዕል (ሩቁ እያነሰ የሚሄድበት፣ ፐርስፔክቲቭ የሚባለው) ይወጣዋል ወይ?

ጥሩ መፈተኛ የሆነኝ ጀበና ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅም፣ ቀለሙ ጥቁር። የጥቁር ነገር ጣጣው ሙሉ ጥቁር ከቀባችሁት ጥላ የሚገባበት ቦታ አለመቅረቱ ነው። ስለዚህ መነሻዬ ጠቆር ያለ ቡኒ ነው፣ ጥቁሩን ለመጨረሻ አስቀምጠዋለሁ። ሆዱ ላይ ክብ ግራዲየንት (ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ በቀስ የሚሸጋገር ቀለም) እሰጠዋለሁ። ግራዲየንቱን ስትሰጡት ብርሃኑ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ ጀበናውም ኳስ ይሆናል። ሺፍት ተጭናችሁ የመሀሉን እጀታ ስትጎትቱት ግን የብርሃኑ ትኩረት ብቻውን ወደ ጎን ይሄዳል። ወደ ላይኛው ግራ አምጡት፣ ልክ በመስኮት በኩል እንደገባ ብርሃን።

አሁን ዋናው ነገር። በጣም የጨለመው ቦታ ጠርዙ ላይ መሆን የለበትም። ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ነው መጨለም ያለበት፣ ጠርዙ ራሱ መልሶ ፈካ ይላል። ምክንያቱም መሬቱ ብርሃን ይመልሳል። ግራዲየንቱ ላይ መጨረሻው አካባቢ አንድ ተጨማሪ የቀለም ነጥብ ጨምሩ፣ ነጥቡን አጨልሙት፣ የመጨረሻውን አፍኩት። ጀበናው ወዲያው ከወረቀቱ ይነሣል። ከሥሩ ቄጤማ የተጎዘጎዘ ከሆነ ደግሞ ያቺን የጠርዝ ብርሃን ወደ አረንጓዴ ጠጋ አድርጓት፣ በጣም ትንሽ። ማንም አረንጓዴ መሆኗን አይናገርም፣ ግን ጀበናውና መሬቱ አንድ ቦታ ላይ ያሉ ይመስላሉ።

የአንገቱ ጥላ ሆዱ ላይ መውደቅ አለበት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የአንገቱን ቅርጽ ኮፒ አደርግና ወደ ታች አዘምመዋለሁ፣ ጠቆር ያለ ቀለም እሰጠውና ሞዱን መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን ቀለም የሚያጨልመው) አደርገዋለሁ። ትንሽ ብለር (ጠርዙን ማደብዘዝ) እጨምርና ከሆዱ ውጭ ያለው እንዳይታይ በሆዱ ቅርጽ ክሊፕ አደርገዋለሁ። አለቀ። ኢንክስኬፕ ላይ ብለርም ሆነ መልቲፕላይ የሚገኙት ቀለም የምትሞሉበት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሌላ ሜኑ መፈለግ የለም። ይህን በጣም ወድጄለታለሁ።

መሬት ላይ የሚወድቀውን ጥላ ሁልጊዜ በሁለት እከፍለዋለሁ። አንዱ ጀበናው ከሥር የሚነካው ቦታ ላይ ያለ ቀጭን፣ ጨለማ፣ ብለሩ ትንሽ የሆነ። ሌላው ሰፊ፣ ሳሳ ያለ፣ ብለሩ ብዙ የሆነ። አንዱ ብቻውን ከቀረ ዕቃው ወይ ይንሳፈፋል ወይ የተለጠፈ ይመስላል። ጥላውን በጥቁር ሳይሆን ወደ ሐምራዊ በሚወስድ ቡኒ ሥሩት።

ሲኒው ሌላ ባሕርይ አለው። ያው ብርሃን ነው የሚያርፍበት፣ ግን ሲኒው የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ነጩ ነጸብራቅ ጠርዙ ቁርጥ ያለ፣ ትንሽና ንጹህ መሆን አለበት። ጀበናው ላይ ያለው ነጸብራቅ ደግሞ የደበዘዘና የተዘረጋ። ሸክላና ሲኒ የሚለዩት በዚህ ነው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ጠብታ ካስቀመጣችሁ ሁለቱም ፕላስቲክ ይሆናሉ።

ስለ ሜሽ ግራዲየንት ሳትሰሙ አትቀሩም። ከ0.92 ሥሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ፣ ኢንክስኬፕ ውስጥ አለ። ቅርጹ ላይ መረብ ይዘረጋል፣ የመረቡን እያንዳንዱን ማዕዘን የፈለጋችሁትን ቀለም ትሰጡታላችሁ። ለፊትና ለነጠላ እጥፋት አሪፍ ነው። ግን የድር ማሰሻዎች ሜሽን አያውቁትም፣ ኤስቪጂ (ኢንክስኬፕ ሥዕል የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) 2 ከሚባለው መስፈርት ውስጥም ወጥቷል። ፋይሉን ለዌብ ሠራተኛ በኤስቪጂ ልሰጥ ካላችሁ አትነካኩት። ወደ ተራ ምስል (ፒኤንጂ) ቀይራችሁ ቴሌግራም ላይ የምትለቁት ከሆነ ችግር የለም። እኔ ጉንጭና ነጠላ ላይ ብቻ አስቀርቼዋለሁ። ሃያ ሠላሳ ማዕዘን አንድ በአንድ ቀለም መቀየር ትዕግሥት ይጨርሳል፣ በተለይ ደንበኛው «ትንሽ ፈካ አድርጊው» ሲል።

ብለር ሲበዛ ማሽኑ ይጎተታል። የእኔ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ራም ነው፣ ብዙ ብለር ያለበት ሥዕል ላይ አይጥ ስትጎትቱ ዘግይቶ ይከተላል። መፍትሔው የእይታ ሜኑ ውስጥ ነው። ፊልተሮቹን ደብቆ የሚያሳይ ሁኔታ አለ፣ በእሱ ሥሩ፣ በመጨረሻ መልሱት። አውቶሴቩንም አጭር ደቂቃ ላይ አድርጉት፣ መብራት ሲሄድ ታመሰግኑኛላችሁ። ሌላም አለ። ፒዲኤፍ ስታወጡ ብለር ያለበት ነገር ሁሉ ቬክተር (ቢያተልቁት የማይደበዝዝ የመስመር ሥዕል) መሆኑ ቀርቶ ፒክስል (ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች) ይሆናል። በሚመጣው ሳጥን ላይ ሬዞሉሽኑን 300 ካላደረጋችሁት ጥላዎቹ ማሸጊያው ላይ የተፈረካከሱ ሆነው ይታተማሉ።

አሁን ወደ ፐርስፔክቲቭ። ኢለስትሬተር ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ የፐርስፔክቲቭ ግሪድ (የመመሪያ መስመሮች መረብ) አለው፣ ዕቃውን ስታስቀምጡበት ራሱ ይጣጣማል። ኢንክስኬፕ ይህ የለውም። ያለው የሣጥን መሣሪያ ነው። ሣጥን ትስላላችሁ፣ መስመሮቹ የሚሰበሰቡባቸውን ነጥቦች ይዛችሁ ትጎትታላችሁ፣ ሣጥኖቹ ሁሉ አብረው ይዞራሉ። ለየአቅጣጫው መስመሮቹ ትይዩ ይሁኑ ወይስ ወደ አንድ ነጥብ ይሰብሰቡ ብላችሁ መምረጥም ይቻላል።

የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ የሣልኩት በዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ሰው የሚያየው ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ነው። ስለዚህ የቁም መስመሮቹም ወደ ታች ይጠባሉ፣ ሦስቱም አቅጣጫ የየራሱ ነጥብ ያስፈልገዋል። መስቀሉን በሣጥኖች ገጣጠምኩት፣ ከዚያ ሣጥኖቹን በትኜ ግድግዳዎቹን በፓዝ (ነጥብ በነጥብ በሚስተካከል ተራ ቅርጽ) ሠራኋቸው። አንዴ ከበተናችሁ ነጥቡ አይሠራም፣ ስለዚህ ኮፒ አስቀምጡ። ጣሪያው ላይ ያሉትን ሦስት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ መስቀሎች ጠፍጣፋ አድርጌ ስዬ፣ በፐርስፔክቲቭ ኢፌክት አራቱን ማዕዘን ጎትቼ አስተኛኋቸው። ኢፌክቱ መስመሩን ቢያጠፈውም ውፍረቱን አይቀይርም፣ ሩቅ ያለውም ቅርብ ያለውም እኩል ይወፍራል። መጀመሪያ መስመሩን ወደ ፓዝ መቀየር ነው። ግራዲየንትም ከኢፌክቱ ጋር አይታጠፍም፣ ቀለሙን ከኢፌክቱ በኋላ ስጡ።

ብርሃኑ ደግሞ ለብቻው ያዝናናል። ሕንፃው ወደ 12 ሜትር ቁመት አለው፣ ግን ሙሉው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጣሪያው በፀሐይ ይነዳል፣ የግድግዳው ታችኛው ክፍል ፀሐይ አያገኝም። ግን ድፍን ጨለማም አይደለም፤ ከጉድጓዱ ቀይ ድንጋይ እየተመለሰ የሚመጣ ሞቅ ያለ ብርሃን አለ። የጀበናዋ የጠርዝ ብርሃን ናት፣ በትልቁ።

የሲኒ አፍና የጀበና አፍ ፕሮግራሙ የማይረዳችሁ ጉዳይ ነው። ክብ ነገር በፐርስፔክቲቭ ሞላላ ይሆናል፣ ከዓይናችሁ ከፍታ በራቀ ቁጥር ሞላላው ይከፈታል። ረከቦቱ ላይ ያለው ሲኒ ሰፋ ያለ አፍ ይኖረዋል፣ ለዓይን ከፍታ የቀረበው የጀበና አፍ ቀጭን ነው። ሁለቱን እኩል ካደረጋችሁ ምንም ጥላ አያድናችሁም።

በነገራችን ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ይህን ሁሉ ሳይፈልጉ ስንት ዘመን ኖረዋል። የሚወድቅ ጥላ የለም፣ ጻድቁ ፊት ለፊት ያያችኋል፣ ክፉው በጎን ይታያል። ያንን አሣሣል የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ግራዲየንቱን ሁሉ አጥፍቼ ነው የምሠራው፣ ደግሞም ደስ ይለኛል።

ለማተሚያ ቤት አንድ ነገር። ኢንክስኬፕ 1.4 ፒዲኤፍ የሚያወጣው በአርጂቢ (በስክሪን ቀለም) ነው፣ ማተሚያ ቤት የሚፈልገው ደግሞ ሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም) ነው። ስክራይበስ በሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም አሳልፌ እልከዋለሁ። ጠቆር ያሉ ቡኒዎች ሲለወጡ ቃናቸው ይቀየራል፣ የሙከራ ኅትመት ሳታዩ እሺ አትበሉ።

ዕቃ፣ ምግብ፣ ሰው የምትስሉ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። ሕንፃና የቤት ውስጥ ዲዛይን ዋና ሥራችሁ ከሆነ ግን ቅርጹን ብሌንደር በሚባል የ3ዲ ፕሮግራም ላይ አቁሙት፣ ምስሉን ኢንክስኬፕ ውስጥ በታችኛው ሌየር (ንብርብር) ቆልፉት፣ በላዩ ላይ ሣሉ። ብሌንደርም ነፃ ነው። የጎንደሩን ፋሲል ግንብ የጀመርኩት እንደዚያ ነው፣ ክብ ማማዎቹን በሣጥን መሣሪያ ማውጣት የማይታሰብ ነበር።