ክፍት ሥርዓት በዝግ ላፕቶፕ፦ ደቢያንን ለወራት ከሠራሁበት በኋላ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ደቢያን፣ ከሊኑክስ ስርዓተ ክወና ስርጭቶች (ዓይነቶች) አንዱ፣ ላፕቶፔ ላይ ይቆያል። ዊንዶውስም ጨርሶ አልተሰናበተም፤ ሌላ ትንሽ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ለአንድ ሥራ ብቻ ይነሳል። ምክንያቱን ወደ ታች አነሳዋለሁ። “ዝግ ይሻላል ወይስ ክፍት ምንጭ?” የሚለው ሙግት፣ ማለትም ኮዱ የተደበቀው ይሻላል ወይስ ለሁሉም የተገለጠው፣ በተነሳ ቁጥር ሰዎች ሁለት ካምፕ አድርገው ያቆሙታል፤ በአንድ በኩል ዊንዶውስና ማክ፣ በሌላው ሊኑክስ። ለወራት ስሠራበት ግን ድንበሩን ያገኘሁት በአንዱ ላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ሲያልፍ ነው። የከረምኩትም የትኛውን ዝግ ነገር መታገሥ እንደምችል፣ የትኛውን እንደማልችል እየለየሁ ነው።

ማሽኑ ባለ 7ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ነው፤ 8 ጊጋባይት ራም እና ኤስኤስዲ አለው። ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ እና፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ የመጣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ጠየቀ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። የእኔ ማሽን ከመስመሩ በታች ነው። ፍርደ ገምድል ላለመሆን ይህንንም ልበል፦ ዊንዶውስ 10 ለ10 ዓመት ተደግፏል፤ አንድ የደቢያን እትም ግን የሚያገኘው 3 ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያ 2 ዓመት የረጅም ጊዜ ድጋፍ፣ በድምሩ 5 ዓመት ነው። በወረቀት ላይ ዝጉ ይበልጣል። ልዩነቱ የሚታየው ዕድሜው ሲያልቅ ነው። በደቢያን 12 ጀምሬ፣ ኦገስት 9 ቀን 2025 የወጣውን ደቢያን 13 እዚያው ላፕቶፕ ላይ አሻሽዬ ጫንኩ፤ ክፍያም፣ የፕሮሰሰር ትውልድም፣ አካውንትም የጠየቀኝ የለም።

ክፍት ምንጭ አሮጌ ማሽን አይጥልም ማለት ግን አይደለም። ያው ደቢያን 13 ለ32 ቢት የኢንቴል ኮምፒውተሮች ማስጫኛ ማዘጋጀቱን አቁሟል። ሆኖም ኮዱ ሜዳ ላይ ስለሆነ የቸገረው ቡድን ካለ ሥራውን ከቆመበት ማንሳት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደቢያን ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ ባለቤት ኩባንያ የሌለው ሥርዓት ነው። በ1997 ያጸደቀው “ማኅበራዊ ውል” ሥርዓቱ መቶ በመቶ ነፃ ሶፍትዌር (ኮዱን ማንም አይቶ ሊቀይረው የሚችል) ሆኖ እንደሚቀር ቃል ይገባል። ይህን ቃል ለመጠበቅ ሲባል ኦፊሴላዊው ማስጫኛ ለዓመታት ዝግ ፈርምዌር (እንደ ዋይፋይ ቺፕ ያሉ ክፍሎች ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር) አይዝም ነበር። የዚያን ጊዜ ተጠቃሚ ያየውን ፍዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዋይፋዩ አይነሳም፣ ፋይሉን ለማውረድ ሌላ ኮምፒውተር ይፈለጋል፣ ሁለተኛ ፍላሽ ይዘጋጃል። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ውሉን አሻሻሉት፤ በጁን 2023 ከወጣው ደቢያን 12 ጀምሮም ፈርምዌሩ ከማስጫኛው ጋር ይመጣል። የእኔ ዋይፋይ ገና ከጭነቱ ጀምሮ የሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

አጥባቂዎቹ “እጅ ሰጡ” ብለው ያማሉ። እኔ በተቃራኒው የደቢያንን ምርጥ ጠባይ ያየሁት እዚህ ላይ ነው፤ ዝጉን ነገር አልደበቀውም፣ የራሱን ክፍል ሰጥቶ ለብቻው አስቀመጠው። ተርሚናል ከፍቼ አንድ ትእዛዝ ብጽፍ የትኞቹ ዝግ ፓኬጆች እንዳሉብኝ በስማቸው አያቸዋለሁ፦ የዋይፋይ ቺፑ ፈርምዌር፣ የግራፊክሱ፣ የፕሮሰሰሩ ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ)። ከዝርዝሩ ውጭ የሚቀርም አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ዩኢኤፍአይ እና ኤስኤስዲው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ የሚሠሩት እኔ ልመረምረው በማልችለው ኮድ ነው። “የእኔ ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው” የሚል ሰው ሲገጥመኝ ስለ ዲስኩ እጠይቀዋለሁ። በዚያኛው ወገንም ያው ነው፤ የማክኦኤስ እምብርት የሆነው ዳርዊን ኮዱ የተለቀቀ ሲሆን ከላዩ የተሠራው ዝግ ነው፤ ዊንዶውስም ከ2016 ወዲህ የሊኑክስ ፕሮግራሞችን በውስጡ ያስኬዳል።

በዕለት ሥራ ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ዝምታውን ነው። አፕዴት መኖሩን ይነግረኛል፣ መቼ እንደሚጫን እኔ እወስናለሁ፤ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ወይም እሱን የመሰለ መሠረታዊ ነገር ካልተቀየረ ሪስታርት ማድረግ ብዙም አያስፈልግም። ስጭነው የትኞቹን ፓኬጆች እንደምጠቀም መረጃ ልላክ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ቀድሞ የተመረጠው መልስ “አይ” ነበር። ዊንዶውስ 11 ሆም ሲጀመር ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይፈልጋል፤ “አስፈላጊ” ተብሎ የተመደበውን የምርመራ መረጃም ከቅንብሮቹ ገብቶ ማጥፋት አይቻልም። ምሥጢር አይደለም፣ ኩባንያው ራሱ ጽፎታል፤ ብዙ ሰውም አይከፋውም። እኔን የሚከነክነኝ የመረጃው ብዛት ወይም ማነስ ሳይሆን ውሳኔው ያለ እኔ ማለቁ ነው። ከላይ “የማልችለው ዝግ ነገር” ያልኩት አንዱ ይኼ ነው፤ የዋይፋይ ቺፑን ፈርምዌር ግን እችለዋለሁ።

ዝምታው በነፃ አይገኝም። ደቢያን አንድ እትም ሲያወጣ የፕሮግራሞቹን ስሪት ይቆልፋል፤ ከዚያ ወዲያ በአብዛኛው የሚመጣው ጥገና ብቻ ነው። ጂኖም የሚባለውን የዴስክቶፕ ገጽታ ውሰዱ፤ ደቢያን 12 በጂኖም 43 ተወለደ፣ በጂኖም 43 አረጀ። ሌላው ዓለም ስለ አዲስ ገጽታ ሲያወራ እናንተ አሮጌውን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ። አሳሹ ላይ ችግር የለም፤ የረጅም ድጋፍ ያለው ፋየርፎክስ በየጊዜው ይታደሳል። አዲስ ስሪት የግድ ለምፈልጋቸው ጥቂት ፕሮግራሞች ፍላትፓክ የተባለውን፣ ፕሮግራምን ከደቢያን ማከማቻ ውጭ የመጫኛ መንገድ እጠቀማለሁ። አዲስ ነገር ካላየ የሚጨንቀው ሰው ግን ሌላ የሊኑክስ ስርጭት ይፈልግ፤ እዚህ ይሰለቻል።

ይኸው መዘግየት አንድ ጊዜ የጠቀመበት አጋጣሚ አለ፤ የኤክስዜድ ነገር። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ገና በሙከራ ላይ ባለው የደቢያን ቅርንጫፍ ላይ ሲሠራ፣ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ) መግባት ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ። ነገሩን ተከትሎ ሲቆፍር ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ የተቀበረ የጓሮ በር፣ ማለትም ያለ ፈቃድ መግቢያ፣ አገኘ። የቀበረው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና እየሠራ የፕሮጀክቱን አመኔታ ያተረፈ ነበር። እኔ ወደምጠቀምበት የተረጋጋ እትም አልደረሰም፤ ያረጀ ስሪት ላይ ነበርንና።

ከዚህ ታሪክ ሁለቱም ወገን የራሱን ድል ይመዛል። አንዱ “ኮዱ ክፍት ባይሆን ማን ያገኘው ነበር?” ይላል፤ ሌላው “ኮዱን ለማንም ክፍት ባታደርጉት ማን ያስገባው ነበር?” ብሎ ይመልሳል። ለእኔ የሚያሳስበው ሦስተኛው ነው፤ ብዙ ሰርቨሮች የሚደገፉበትን ሶፍትዌር በዋናነት ይጠብቅ የነበረው አንድ የደከመው በጎ ፈቃደኛ ነበር። በ2014 የተጋለጠው የኦፕንኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነትን በምሥጢር የሚጠብቅ ክፍት ሶፍትዌር) ቀዳዳ፣ ሃርትብሊድ፣ ሁለት ዓመት ያህል በግልጽ ኮድ ውስጥ ማንም ሳያየው ተቀምጧል። ኮድ መከፈቱ ለማየት ይፈቅዳል እንጂ የሚያይ ሰው አይቀጥርም።

ስለ ጽሑፍ ሥራ። ግዕዝ መጻፍ ቀላል ነው፤ አይባስ በተባለው የኪቦርድ መቀያየሪያ በኩል የአማርኛ ኪቦርድ ጨምሬ የላቲን ቁልፎችን በድምፃቸው ወደ ፊደል በሚቀይር አጻጻፍ እተይባለሁ፣ አቢሲኒካ የተባለው ክፍት ፎንትም ከደቢያን ማከማቻ ይወርዳል። ችግሩ ከሌላ ሰው የሚመጣው ፋይል ነው። በዊንዶውስ ላይ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ሰነድ እኔ ዘንድ ፎንቱ ስለሌለ በሌላ ተተክቶ ይከፈታል፤ መስመሮቹ ይሸሻሉ፣ ሠንጠረዡ ወደ ቀጣዩ ገጽ ይዘላል፣ የገጽ ቁጥሩ ከማውጫው ጋር ይጣላል። ለላቲን ፎንቶች መላ ተገኝቷል፤ ካርሊቶ የካሊብሪን፣ ሊበሬሽን ሴሪፍ የታይምስ ኒው ሮማንን ስፋት ፊደል በፊደል ይዘው ስለተሠሩ ገጹ አይናወጥም። ኒያላን ተክቶ እንዲህ በልክ የሚገባ ፎንት እኔ አልገጠመኝም። ስለዚህ የመጨረሻውን ቅጂ በፒዲኤፍ፣ የሚታረመውን ደግሞ በክፍት ፎንት እንልካለን ብለን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተስማማን። ሊብሬኦፊስን (ክፍቱን የቢሮ ፕሮግራም) የሚወቅሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወቅሱት በእርግጥ ፎንትን ነው።

ጉድለቶቹን በአጭሩ፦ የጣት አሻራ አንባቢው ከመጀመሪያው አልሠራም፤ አምራቹ ለሊኑክስ ድራይቨር አልሠራም፣ ሌላው እንዲሠራም መግለጫውን አላወጣም። ላፕቶፑ ሳይጠፋ ክዳኑ ተዘግቶ ሲያድር ባትሪው በዊንዶውስ ከነበረው በላይ ይቀንሳል። አንዳንድ የፊልም አገልግሎቶች በሊኑክስ አሳሽ ላይ ዝቅ ባለ ጥራት ብቻ ያሳያሉ፤ ይህ የቅጂ መብት ጥበቃ ጣጣ ስለሆነ በቅንብር አይፈታም። ፕሪንተር፣ ድምፅ፣ ዌብካም ምንም አላሉኝም። ስልክ ደውላችሁ የምትወቅሱት የድጋፍ ክፍል የለም፤ የብልሽት መዝገቡ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። በመዳሰሻ ሰሌዳው ላይ ያየሁትን ችግር ስመዘግብ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ጽፎት፣ ከሥሩም ጊዜያዊ መፍትሔ ተቀምጦ አገኘሁ።

ዊንዶውስ ለምን ቀረ? አንድ ደንበኛ የሚልክልኝ የንድፍ ፋይል በአንድ ዝግ ፕሮግራም ብቻ ስለሚከፈት ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በዋይን ሞከርኩት፤ ይከፈታል፣ ሲያስቀምጥ ግን ይወድቃል። እዚህ ላይ ያሰረኝ ስርዓተ ክወናው ሳይሆን የፋይሉ ዓይነት ነው። ደንበኛው ነገ ወደ ማክ ቢዛወር እንኳ እስሩ ከእኔ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ስርዓተ ክወና ስለመቀየር ለሚያማክረኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው “ፋይሎችህ በምን ይከፈታሉ?” ብዬ ነው። መልሱ በአሳሽ፣ በፒዲኤፍ ወይም በተለመዱት የቢሮ ፋይሎች ከሆነ ደቢያንን ያለ ሥጋት እመክራለሁ። በአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ብቻ የሚከፈት ከሆነና ሥራው የቆመው በሱ ላይ ከሆነ፣ ዝጉን ይያዝ፤ ለዓላማ ብሎ እንጀራውን አያበላሽ።

መሞከር የሚፈልግ ሰው ላፕቶፑን ሳይነካ ደቢያንን ከፍላሽ ማስነሳት ይችላል። በዚያው ሰዓት ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ክዳኑን ሲዘጋ ማንቀላፋቱንና የጣት አሻራውን ይፈትሽ፤ ባክአፕ የሚያስፈልገው ለመጫን ሲወስን ነው።