በሳው ፊልተር ስም የሚሸጡ አሮጌ ዕቃዎችን ተጠንቀቁ

ለሬዲዮ መቀበያችሁ የሳው ፊልተር (በክሪስታል ገጽ ላይ በሚሄድ ሞገድ የተፈለገውን ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) በኢንተርኔት ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። «አዲስ፣ 433.92 ሜጋኸርዝ» ተብሎ የተሸጠልኝ ፊልተር ሲለካ የሚያሳልፈው 433.42 ሜጋኸርዝን ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የፊልተሩ ማሳለፊያ (የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ክልል) ጠባብ በመሆኑ የምፈልገው ሲግናል ዳር ላይ ወድቆ ይዳከማል።

ዕቃውን አዘንብዬ በአጉሊ መነጽር ሳየው ጉዱ ወጣ። ክዳኑ ተፍቆ አዲስ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከሥሩ የቀድሞው ጽሑፍ ደብዝዞ ይታያል። እግሮቹ ላይ የአሮጌ ብየዳ ቅሪት አለ። ከተጣለ ቦርድ ላይ ተነቅሎ የመጣ ነው።

ተራ የኮይልና የካፓሲተር ፊልተር ቢሆን ኖሮ አስተካክለን እንጠቀምበት ነበር። ሳው ግን አይስተካከልም። በውስጡ ባለው ክሪስታል ገጽ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰካኩ ቀጫጭን የአሉሚኒየም መስመሮች አሉ፤ ኤሌክትሪኩን በገጹ ላይ ወደሚሄድ ሞገድ የሚለውጡት እነርሱ ናቸው። ሞገዱ ኳርትዝ በተባለው ክሪስታል ላይ በሰከንድ 3,150 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በ433.92 ሜጋኸርዝ ርዝመቱ 7.3 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የመስመሮቹ ርቀት በዚህ ልክ ፋብሪካ ውስጥ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊለውጠው አይችልም።

ኮይልና ካፓሲተር ደርድረው «ሳው» ብለው የሚሸጡም አሉ። እነዚህን መዘግየታቸው፣ ማለትም ሲግናሉ ገብቶ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ፣ ያጋልጣቸዋል። የገጽ ሞገድ 1 ሚሊሜትር ለመሄድ 0.3 ማይክሮሰከንድ (300 ናኖሰከንድ) ያህል ይፈጅበታል፤ መለኪያችሁ የጥቂት ናኖሰከንድ መዘግየት ብቻ ካሳየ ተታላችኋል።

ክሪስታሉ ምን እንደሆነ የማይናገር ሻጭንም አትመኑ። ሊቲየም ናዮቤት ከሚባለው ክሪስታል በብዛት የሚሠራበት ዓይነት፣ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍሪኩዌንሲው ከሚሊዮን 75 እጅ ያህል ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 433.92 ሜጋኸርዝ ላይ 1.3 ሜጋኸርዝ ጠፋ ማለት ነው። ኳርትዝ ግን በሙቀት ብዙ ስለማይለዋወጥ ለጠባብ ማሳለፊያ ይሻላል።

ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ግን በአምራቹ መግለጫ ላይ ያለውን የማዛመጃ ሰርኪት (ፊልተሩን ከመለኪያው ጋር የሚያጣጥመውን) ሥሩለት፤ ያለ እርሱ ከተለካ ደህናው ፊልተርም የተበላሸ ይመስላል።

የእኔ ሻጭ «አንዴ ተበይዷል» ብሎ አልመልስም አለኝ። ስለዚህ ዕቃው እንደደረሳችሁ፣ ብየዳ ሳይነካው፣ ክዳኑንና እግሮቹን ከቅርብ ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ አንዱን ብቻ በይዳችሁ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ለኩት።