ከዓመት በላይ የነዳሁት የጭነት መኪና፦ መኪናው ጨዋ፣ «ሙሉ ሰርቪሱ» ግን ያስለቅሳል

መኪናውን እወደዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው በንዴት ስለሆነ፣ አንባቢ መኪናው ራሱ ያስቸገረኝ እንዳይመስለው ነው። የምርቱን ስም አልጠራም። በአገራችን የአንድ የጭነት መኪና ስም ሲጠራ አስመጪውም አብሮ መጠራቱ አይቀርም፣ እኔ ደግሞ ከማንም ጋር ክስ አልፈልግም። የጃፓን ሥሪት ነው፣ በናፍጣ ይሠራል፣ 5 ቶን ይጭናል። ከድሬዳዋ ሲሚንቶ ይዤ ወደ ሐረርና ጅግጅጋ እወጣለሁ፤ ስመለስ ከሐረማያ አካባቢ ድንችና ሽንኩርት ጭኜ እወርዳለሁ። በዚህ ሥራ አላሳፈረኝም። ስለ መኪናው ይህ ይበቃል።

የሚያናግረኝ አብሮት የተሸጠልኝ «ሙሉ ሰርቪስ» የሚባለው ጥቅል ነው። መኪናው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወደ ድርጅቱ ጋራዥ ይገባል፤ አንድ ገጽ የሞላ ዝርዝር ይወጣል፤ በእያንዳንዱ መስመር ትይዩ የብዕር ምልክት ይደረጋል፤ ማኅተም ይመታል፤ ከዚያ ሂሳብ። አንድ ማታ ደረሰኞቹን ስለይ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መሐል ላይ «ካንዴላ ማየትና ማጽዳት» ይላል። ምልክት ተደርጎበታል። ካንዴላ ማለት ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም! ናፍጣ የሚቀጣጠለው አየሩ በፒስተን ታምቆ ሲግል ነው እንጂ በብልጭታ አይደለም፤ ይህን የማያውቅ የጭነት መኪና ረዳት ድሬዳዋ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። ወረቀቱ ለቤንዚኑም ለናፍጣውም በአንድነት የታተመ ነው እንበል፣ ይሁን። ምልክቱን ያደረገው ግን ማተሚያ ቤቱ አይደለም። የሌለውን ካንዴላ «ያጸዳ» ሰው ያለውን ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚያጸዳ ማወቅ ፈለግሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከመኪናው ሥር ገባሁ። «የመስቀለኛ፣ የባሌስትራና የመሪ ግሪስ» የሚለው መስመርም ምልክት አለው። ግሪስ የሚገባባቸውን ጡቶች አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ግሪስ የተሰጠው ጡት ጫፉ ይረጥባል፣ ትርፉ በመገጣጠሚያው ዳር ተገፍቶ ይወጣል፣ ጣት ሲነካው ይጣበቃል። የእኔዎቹ ላይ አቧራና የሲሚንቶ ብናኝ ተጋግሮባቸዋል። አንዱን በጥፍሬ ስፍቀው ቅርፊቱ እንዳለ ተነሣ፤ ከሥሩ ያለው ብረት ደረቅ ነበር። የግሪስ ማጠጫ አፍ አልነካውም ማለት ነው። ከሁሉም የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ግሪስ ከዝርዝሩ ውስጥ እጅግ ርካሹ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ግን ከዘይት ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። የጋራዡ ልጅ የሚደክምበትን ትቶ የማይደክምበትን አስከፈለኝ።

ቢሆንም ግሪስ አይገድልም። የሚገድለውን ያየሁት ደንገጎ ላይ ነው።

መንገዱን ለማያውቅ፦ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረርና ሐረማያ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። ያንን ሁሉ ከፍታ የምትወርዱት በዝግታ አይደለም፣ አብዛኛው ደንገጎ ጠመዝማዛ ውስጥ ታጭቋል። ጭነት ይዞ የሚወርድ ሰው በዝቅተኛ ማርሽ ይይዛል፣ የጭስ ማውጫውን ፍሬን (ጭሱን አፍኖ መኪናውን በሞተሩ የሚይዘውን) ይከፍታል፣ ፔዳሉን በየኩርባው ለአፍታ ብቻ ይነካል። እኔም እንደዚያው እየወረድኩ ነበር፤ ከፊቴ ግን አንድ ቦቴ እየተንፏቀቀ ስለነበር ፍሬን ከወትሮው አብዝቼ ያዝሁ። ከኩርባዎቹ አንዱ ላይ ፔዳሉ ሰመጠ። እስከ ወለሉ ድረስ፣ እንደ ባዶ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ መለሰ፤ ማርሹን ይበልጥ ዝቅ አደረግሁት፤ ሞተሩ እየጮኸ በተራራው በኩል ወዳለው ጥግ አስጠግቶ አቆመልኝ። ረዳቴ ጎማ ሥር የሚደገፈውን ታኮ ይዞ ሲወርድ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፍሬኑ ሲበርድ ፔዳሉ ተመለሰ። ድሬ ገብቼ በቀጥታ ድርጅቱ ጋራዥ ወሰድኩት። ደልዳላ ግቢያቸው ውስጥ፣ ባዶ መኪና ላይ፣ በቀዘቀዘ ፍሬን ፔዳሉን ረገጡና «ጤነኛ ነው ጋሼ፣ ምንም የለውም» አሉኝ። አክለውም የፍሬን ሸራና ታምቡሮ (ሸራው ተጭኖ የሚያቆመው ከበሮ) ማጽጃ የሚረጭ ነገር እንዳላቸው፣ በዚያ ቢታጠብ ጥሩ እንደሚሆን ነገሩኝ። በሂሳብ፣ እርግጥ ነው።

ከዚያ ወጥቼ ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድኩ። ድሬዳዋ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከገባባት ጀምሮ ብረት ሲፈታባትና ሲገጠምባት የኖረች ከተማ ናት፤ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጣ ሰው እጅ ላይ የወደቀ መኪና ዕድለኛ ነው። ሽማግሌው መኪናውን ሳያዩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ፔዳሉ ጠነከረብህ ወይስ ሰመጠብህ?»

«ሰመጠ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሸራው አይደለም፣ ዘይቱ ነው።»

ነገሩን አስረዱኝ። ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል ፔዳሉ እንደጠነከረ ይቆያል፣ መኪናው ግን አልቆምም ይላል። ፔዳል የሚሰምጠው የፍሬን ዘይቱ ራሱ ሲፈላ ነው፤ ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፣ ስለዚህ የእግር ኃይል ጎማው ዘንድ ሳይደርስ አረፋ ውስጥ ይቀራል። ዘይቱ ቶሎ የሚፈላውም ውኃ ስለሚጠጣ ነው። የተለመደው ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውኃ ሲቀላቀልበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ መፍያ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ደንገጎን ጭኖ ለሚወርድ ፍሬን 140 ዲግሪ ሩቅ አይደለም። የፍሬን ዘይት ደግሞ ዕድሜው የሚቆጠረው መኪናው ከተሸጠበት ቀን ሳይሆን ፋብሪካው ውስጥ ከተሞላበት ቀን ነው። የእኔ መኪና ከተሠራ በኋላ ወደብና መጋዘን ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆሞ ነው የመጣው፤ የሥሪት ዓመቱ ሊብሬው ላይ ተጽፏል፣ ቀነስ ደመር ማድረግ ነው።

ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ። አዲስ የፍሬን ዘይት ብርሃን ያሳልፋል፣ ወደ ቢጫ ያደላል። የእኔ ጀበና ሥር እንደቀረ አተላ ጠቁሮ ነበር። ዘይቱን በሙሉ ቀይረው፣ በአራቱም ጎማ አየሩን አስወጥተው ሲጨርሱ የጠየቁኝ ሂሳብ ድርጅቱ ለአንድ ጊዜ «ሞተር ማጠቢያ» (የሞተሩን ውስጥ ያጥባል ለሚሉት ኬሚካል) ከሚያስከፍለኝ ያንሳል።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲያስረዳኝ ይታየኛል።

«ጋሼ፣ የፍሬን ዘይት እኮ በጥቅሉ ውስጥ የለም፣ ለብቻው ነው የሚከፈለው።»

ናይትሮጅን ግን በጥቅሉ ውስጥ አለ? ጎማ በናይትሮጅን መሙላት ብለው ያስከፈሉኝን ማለቴ ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን መሆኑን ተማሪ ቤት ተምረናል። ሰፈሬ ያለው ጎማ ሠሪ ያንኑ አየር ከሞላ ጎደል በነጻ ይሞላልኛል፤ በዚያ ላይ ጎማው ውስጥ ምስማር ካለ ያይልኛል።

«የድሬ ሙቀትና አቧራ ሞተር ይበላል፣ ለዚህ ነው ማጠቢያው የሚያስፈልገው።»

ሙቀቱስ እውነት ነው፣ አቧራውም። ለዚህ መልሱ ግን ዘይቱን በጊዜው መቀየር ነው፤ በጊዜው ዘይቱ የሚቀየር ሞተር የሚታጠብ ቆሻሻ አያጠራቅምም። ቆሻሻ ተጠራቅሞ ከሆነ ደግሞ በኬሚካል ማላቀቁ ፍርፋሪውን የዘይት ፖምፓው ወንፊት ላይ ሊጥለው ይችላል። ከመኪናው ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ሞተር ማጠቢያ የሚል ቃል አያውቅም። ናፍጣ ታንክ ውስጥ ይጨመር ብለው የሚያስከፍሉኝን የኬሚካል ጠርሙስም አያውቅም።

«መጽሐፉ የተጻፈው ለጃፓን ነው ጋሼ።»

አይደለም። መጽሐፉ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በተራራና በከባድ ጭነት ለሚሠራ መኪና የተለየ ሰንጠረዥ አለው፤ ዘይቱንና ፊልትሮውን በግማሽ ርቀት ቀይሩ ይላል። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ቀይር ማለታችሁ ትክክል ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ያው ሰንጠረዥ ግን ሁለት መስመር ወረድ ብሎ ስለ ፍሬን ያወራል። ዘይቱን ያነበበ ዓይን ፍሬኑ ጋ ሲደርስ ለምን ጨፈነ?

«እሱን ካላደረጉ ዋስትናው ይሰረዛል።»

ይህች ቃል ብዙ ሰው ታስፈራለች፣ እኔንም ታስፈራኝ ነበር። የእኔ የዋስትና ደብተር የሚጠይቀው በአምራቹ ሰንጠረዥ ያለው ሥራ በጊዜው ተሠርቶ ደረሰኙ እንዲቀመጥ ነው። ናይትሮጅን፣ ማጠቢያ፣ ጠርሙስ ሰንጠረዡ ውስጥ የሉም። የሌለን ነገር አለማድረግ እንዴት ብሎ ዋስትና ያሰርዛል?

ይሉኝታ ይዞኝ ሳይሆን እውነቱ ስለሆነ አንድ ነገር ልመስክርላቸው፤ ራዲያተር ውስጥ ውኃ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይግባ በማለታቸው ልክ ናቸው። ድሬ ብዙ ሾፌር «እዚህ በረዶ የለ፣ ምን ያደርግልኛል» እያለ ቧንቧ ውኃ ይሞላል። ፈሳሹ ግን ሥራው በረዶ መከላከል ብቻ አይደለም፤ ራዲያተሩንና የውኃ ፖምፓውን ከዝገት ይጠብቃል፣ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል። ንጹሕ ውኃ ድሬዳዋ ከፍታ ላይ 96 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ወደ ደንገጎ ስትወጡ ደግሞ ይባስ ይቀንሳል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ቢረዳም በሐምሌ ሲሚንቶ ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሞተር እያንዳንዷ ዲግሪ ታስፈልጋለች። በየሰርቪሱ ይቀየር ማለታቸው ግን ሌላ ቀልድ ነው፤ ዓመታት የሚቆይ ፈሳሽ ነው።

የቀረውን ቶሎ ልጨርሰው። የናፍጣ ፊልትሮ በጊዜው ይቀየር፣ ሥሩ የሚጠራቀመው ውኃም በየጊዜው ይፍሰስ። የአየር ማጣሪያው ሲደፈን እንጂ በየሰርቪሱ መጣል የለበትም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ተነፍቶ ብዙ ያገለግላል፣ ከተቀደደ ግን በዚያው ሰዓት ይለወጥ። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት መጀመሪያ አካባቢ አንዴ መቀየሩ ደግ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ5,000ው የሚቀይር ሰው ዘይት ነጋዴ ነው።

ለመኪናው ከአምስቱ ነጥብ አራት ተኩሉን እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በወንበሩ ምክንያት ነው፤ ጅግጅጋ ደርሶ መልስ ወገብ ይቆርጣል። ለጥቅሉ 1 ነጥብ፣ እሷም ለራዲያተር ፈሳሹ ናት።

ባለፈው ሳምንት ከድርጅቱ ደውለው የሚቀጥለው ሰርቪስ መድረሱን አስታወሱኝ። ዋስትናዬ ጊዜው ስላለፈ ድምፄ ሰፋ ያለ ነበር። ዘይት፣ ሁለቱ ፊልትሮዎችና ግሪስ ብቻ እንደምፈልግ፣ ግሪሱ ሲሰጥም አጠገቡ እንደምቆም ለደወለችልኝ ልጅ ነገርኳት። ልጅቱ ትሑት ናት፣ በእሷ ላይ ቂም የለኝም፤ ጥቂት ይጠብቁኝ ብላ አለቃዋን ጠይቃ ተመለሰችና ጥቅሉ እንደማይነጣጠል፣ ደንበኛም ከደኅንነት አንጻር ወደ ሥራ ቦታው መግባት እንደማይፈቀድለት ነገረችኝ። ደኅንነት ያለችው ጆሮዬ ላይ ትንሽ ቆየች። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁና ከሽማግሌው ጋር ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዝሁ።