የፌት ሲሙሌሽኖች ለአንደኛ ዓመት ፊዚክስ፦ በሞገድ የበረቱ፣ በሽክርክሪት የሳሱ

የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሜካኒክስንና የሞገድን ቀመሮች በቃሉ ይዞ፣ ቀመሩ የሚገልጸውን እንቅስቃሴ ግን በዓይነ ኅሊናው ማየት ሲቸግረው ብዙ ጊዜ ይታያል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸውና በድረ ገጹ ላይ በነጻ የሚገኙት የፌት (PhET) ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ተማሪው በኮምፒውተር ላይ እየቀያየረ የሚሞክራቸው ተንቀሳቃሽ ማሳያዎች፣ ለዚህ ችግር የተሠሩ ናቸው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት በ2001 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆኑት ካርል ዊማን ናቸው።

ከሁሉም የላቀ ሆኖ ያገኘሁት በክር ላይ የሚጓዘውን ሞገድ የሚያሳየውን ነው። ክሩ በእንክብሎች ሰንሰለት መልክ የቀረበ ሲሆን ጥቂቶቹ እንክብሎች በቀለም ስለሚለዩ፣ ተማሪው አንዱን ብቻ በዓይኑ ሲከታተል እንክብሉ ባለበት ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ፣ የሞገዱ ቅርጽ ግን ወደ ጎን ሲጓዝ ያያል። በሰሌዳ ላይ በተሣለ ሥዕል ይህን ልዩነት ማስረዳት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የክሩን ጫፍ ማሰር፣ መልቀቅ ወይም ማለቂያ እንደሌለው ማድረግ ይቻላል፤ ጫፉ ሲታሰር የተላከው ምት ተገልብጦ ይመለሳል፣ ሲለቀቅ ደግሞ ሳይገለበጥ። ማስመሪያና የሰዓት መቁጠሪያ ስላለው፣ ድግግሞሹን እየቀያየሩ የሞገዱን ርዝመት በመለካት የሁለቱ ብዜት፣ ማለትም ፍጥነቱ፣ እንደማይለወጥ ማረጋገጥ ይቻላል። ለዚህ ልኬት የሞገዱን መክሰም የሚወስነውን መቆጣጠሪያ አስቀድሞ ወደ ዜሮ ማውረድ ይገባል።

በዚሁ ሲሙሌሽን ላይ አንድ ከባድ ቅሬታ አለኝ። የክሩ ውጥረት ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ተብሎ ብቻ ስለሚሰጥ፣ የክሩም መጠነ ቁስ በሜትር ስንት እንደሆነ ስለማይገለጽ፣ የሞገድ ፍጥነት ከውጥረቱ ስኩዌር ሩት ጋር ያለውን ዝምድና በቁጥር መፈተሽ አይቻልም። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህ ቀላል ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

የፔንዱለሙ (ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) ቤተ ሙከራ የተባለው ሲሙሌሽን በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። የአንድ ሜትር ፔንዱለም በምድር ስበት አንዱን ሙሉ ውዝዋዜ በ2 ሴኮንድ ገደማ፣ በጨረቃ ስበት ደግሞ በ4.9 ሴኮንድ ገደማ ይጨርሳል፤ መጠነ ቁሱን መለወጥ ይህን ጊዜ አይቀይረውም። የስበቱ መጠን ያልተነገረለት ፕላኔትም ስላለ፣ ተማሪው ራሱ ለክቶ እንዲደርስበት ይገደዳል። እኔ ከሁሉ የወደድሁት ግን በሰፊ ማዕዘን የሚያሳየውን ነው፤ ፔንዱለሙ ከ90 ዲግሪ ሲለቀቅ የውዝዋዜው ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት ያለው የተለመደ ቀመር ከሚሰጠው በ18 በመቶ ያህል ይረዝማል። ቀመሩ የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ብቻ መሆኑን ተማሪው በራሱ ልኬት ይደርስበታል።

ስፕሪንግና የተወነጨፉ አካላትን የሚመለከቱትም መልካም ናቸው፤ በተለይ የኋለኛው የአየርን ግጭት ማስገባትና ማስወጣት ስለሚፈቅድ። ወደ ሽክርክሪት፣ ማለትም ወደ ቶርክ (ኃይል አካልን የማሽከርከር አቅሙ) እና ወደ አንጉላር ሞመንተም (የሽክርክሪት ሞመንተም) ሲመጣ ግን ዝግጅቱ ይሳሳል፤ ከቀረቡት ውስጥ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩ አሮጌዎች ስላሉ በስልክ ለሚማር ሰው አይመቹም። ይህ የትምህርቱ ክፍል ተማሪዎች አብዝተው የሚወድቁበት በመሆኑ ያስቆጨኛል።

ቤተ ሙከራን ሙሉ በሙሉ እንዲተኩ መጠበቅም አይገባም። በስክሪን ላይ ያለው ክር አይላላም፣ ሚዛኑ አይዛባም፣ ስለዚህ የልኬት ስሕተትን መገመትና መመዝገብ እዚህ አይለመድም። የቤተ ሙከራ ዕቃ በሌለበት ወይም ለብዙ ተማሪ በማይዳረስበት ክፍል ግን ከባዶ ሰሌዳ እጅግ ይሻላሉ። አዳዲሶቹ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ፋይል ወርደው ያለ ኢንተርኔት በብሮውዘር ስለሚከፈቱ፣ አንድ መምህር በፍላሽ ይዞ ለክፍሉ ሁሉ ሊያድላቸው ይችላል። ሲያድልም ተማሪዎቹ ማጫወቻውን ከመንካታቸው በፊት ግምታቸውን በወረቀት እንዲጽፉ ቢያዝዝ መልካም ነው፤ ያለዚያ መቆጣጠሪያዎቹን ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱ ሰዓቱ ያልቃል።