ጅማ ውስጥ ናፍጣ መኪና ጠዋት አልነሳ ላላችሁ፦ እኔን የገላገሉኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ከልቤ ለማመስገን ነው። ጅማና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ መኪናችሁ ጠዋት ጠዋት የምታስቸግራችሁ ካላችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መኪናችን አሮጌ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓዋ ሜካኒካል ነው፣ ኮምፒውተር የላትም። በቡና ወቅት እኔና ወንድሜ ጠዋት ለቃሚዎችን ወደ ማና እናደርስባታለን፣ ከሰዓት እሸት ቡና ጭነን ወደ መፈልፈያው እንወስዳለን። እሸት ቡና ነገ ድረስ አይጠብቅም። በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ጠዋት መኪና አልነሳ ካለ ቀኑ ሙሉ ይናጋል።

ጥቅምት ላይ ጀመራት። ማታ ደህና አድራ፣ ጠዋት ቁልፉን ስናዞር ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ጎረቤት ተሰብስቦ ይገፋል። አንዴ ከተነሳች በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም አይላትም፤ ብናጠፋትም በአንድ ቁልፍ ትነሳለች።

መጀመሪያ የወሰድናት ቦታ «ባትሪው ነው» አሉን። አዲስ ባትሪ ገዛን። ለሦስት ቀን የተሻላት መሰለን፣ ከዚያ ያው። ሁለተኛው ቦታ 4ቱንም ማሞቂያ ካንዴላ (ጠዋት ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) ቀየሩልን። ያው። ከዚያ «ፖምፓው ወርዶ ይጠገን» ተባለ። የፖምፓ ጥገና ምን ያህል እንደሚያስወጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኚህን መካኒክ የጠቆመችኝ እዚሁ ጅማ መርካቶ ቅመም የምትሸጥ ጓደኛዬ ናት። ትንሽ ጋራዥ አለቻቸው። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል። መኪናዋን ይዤ ስሄድ ኮፈኑን እንኳን አልከፈቱም። ቆመው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ማታ የት ነው የምታሳድሪያት?»

ቤታችን ጅሬን አቀበቱ ላይ ነው፣ ግቢ ውስጥ ነው የማቆማት አልኳቸው።

«አፍንጫዋ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

ወደ ላይ አልኳቸው። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ቀጠሉ፦ ሜዳ ላይ ያደረች ቀንስ? ሞተሪኖው ሲዞር ከጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣል? ወንድሜ ይህንን አስተውሎ ነበር። ወልቂጤ ዘመድ ቤት ሜዳ ላይ ያደረች ጊዜ ወዲያው ተነስታለች። ጭስ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ምንም የለም፣ ብዙ ካዞርናት በኋላ ነው ነጭ ነገር ቱፍ ቱፍ የሚለው።

ያኔ ነገሩን አስረዱኝ፣ እኔም እንዳስረዱኝ ልንገራችሁ። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በብልጭታ አይነድም። አየሩ ሲታመቅ ይግላል፣ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል። ሞተሪኖው እየዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ አልነደደም ማለት ነው፤ ያኔ ካንዴላውንና እምቅታውን ትጠረጥራላችሁ። ጭስ ጭራሽ ከሌለ ግን ናፍጣው ራሱ አልደረሰም። የኛዋ ሁለተኛዋ ናት፤ ነጩ ጭስ የሚመጣው ናፍጣው ዘግይቶ ሲደርስ ነው። ለዚህ ካንዴላ ብትቀይሩ ምን ያደርጋል?

«አሁን ሞቃለች፣ የሞቀ መኪና በሽታውን ይደብቃል» አሉኝ። «ነገ ጠዋት እንዳትነኳት፣ እኔ እመጣለሁ።» ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቴስተርና አንድ ሜትር የምትሆን የምታሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ይዘው፣ በዚያ ብርድ ጅሬን ወጡ። ይህን በሕይወቴ አልረሳም።

መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ፤ 12.6 ቮልት። ሞተሪኖው እየዞረም ከ10 በታች አልወረደም፣ ጤነኛ ነው። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ለኩ፣ ደህና ናቸው። ቁልፉን እንድከፍት አዘዙኝና ጆሯቸውን ወደ ፖምፓው አስጠግተው ናፍጣውን የሚከፍተው ሶሌኖይድ «ጠቅ» ሲል ሰሙ። ከዚያ ከፊልትሮው (ከናፍጣ ማጣሪያው) ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ቱቦ ነቅለው በቦታው ያችን የምታሳየዋን ቱቦ ገጠሙ። «አሁን አዙሪ።»

በዓይኔ አየሁት። ናፍጣው ፈልቶ እንደሚገነፍል ነገር አረፋ በአረፋ ሆኖ ነበር የሚመጣው። አየር ይስባል።

ቀጥለው ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ከፊልትሮው ነቅለው፣ ንጹሕ ናፍጣ በሞላ ጄሪካን ውስጥ ሌላ ቱቦ ነክረው ከፊልትሮው ጋር አገናኙ። አየሩን በፊልትሮው ላይ ባለው የእጅ ፖምፓ ካስወጡ በኋላ አረፋው ጠፋ። ሞተሯ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ፖምፓው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ በታንከሩና በፊልትሮው መካከል ነው ማለት ነው። ከሥሯ ገብተው ያገኙት ፋሼታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ሥር የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ነው፣ ስንጥቁ የጥፍር ስፋት አይሞላም። ናፍጣ አያንጠባጥብም፣ ምክንያቱም ሞተሩ ሲሠራ ወደ ውስጥ ነው የሚስበው። ለዚህ ነው ማንም ያላየው። ሌሊት ግን በዚያች ስንጥቅ አየር ይገባል፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ስለሆነ ናፍጣው ተመልሶ ወደ ታንከሩ ይወርዳል፣ መስመሩም ባዶ ሆኖ ያድራል።

ቱቦውንና ሁለት ፋሼታ ቀየሩ፤ ፊልትሮውን ከሥሩ ከፍተው ትንሽ ውኃም አፈሰሱ። የተቀበሉኝ ገንዘብ ከአዲሱ ባትሪ ዋጋ አንድ አሥረኛ አይሆንም። ቀድሞ የተነቀሉትን ካንዴላዎች ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ ነበር፣ ለኩልኝ። አንዷ ሞታለች፣ ሦስቱ ይሠራሉ። «ሰዎቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም» አሉኝ። ሌላ መካኒክ አጥፍቷል ማለት አይወዱም።

ወንድሜ አንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ በአየር ማስገቢያው በኩል የሚነፋ ማስነሻ ስፕሬይ ሊገዛ ነበር። ይህን ስነግራቸው ተቆጡ። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ያ ነገር ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። እባካችሁ አትሞክሩት።

ይኸው አምስተኛ ሳምንታችን ነው፣ ያችው አቀበት ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገን ነው የምናሳድራት። አንድም ቀን አልተገፋችም።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ገለቶማ!

ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጻፍኩም። የሚፈልጋቸው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የሚጠይቋችሁን አስተውላችሁ ሂዱ፦ ጭሱን፣ ያደረችበትን ቦታ፣ ስትሞቅ ምን እንደምትሆን። የምትችሉ ከሆነ ሞተሩ ሳይነካ እዚያው አሳድሯት። ዓርብ ከ6 ሰዓት በኋላ ግን አትሂዱ፤ ለጁምዓ ይሄዳሉ፣ የሚመለሱት 8 ሰዓት ገደማ ነው።